ለግጥም የቀላ ቲማቲም

ጋሽ አስናቀን ወባ እንደገደለው የሰማሁት ዘመሮ ገበያ መሐል ቆሜ ነው። ወሬውን ያመጣው ሰይድ ነበር። ሰይድ ከገደሉ በታች ካለው ቆላ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሎሚ በአህያ ጭኖ በየገበያው ቀን ወደኛ የሚወጣ ነጋዴ ነው። ያን ቀን ጭነቱን እንኳ ሳያራግፍ፣ «አስናቀ አረፈ» አለን። «ቄስ አስጠርተን እንደ ሥርዓቱ አስቀብረነዋል። እህቱን እንዴት ብዬ ልንገራት?»

ዙሪያውን የቆሙት ተያዩ።

«የቱ አስናቀ?» አለ አንዱ።

«ባለክሩ ነዋ!»

«እ… ባለክሩ። ነፍስ ይማር።»

አንገቴን ደፋሁ። ሰው ሲሞት ደግነቱ ይወራለታል፤ እሱን ግን የሚያስታውሱት በክር ሆነ። ያ ስም እንዴት እንደወጣለት ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን ስጽፍም ፊቴ እየጋለ ነው።

ጋሽ አስናቀ የተበተነው ጦር ወታደር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ከኤርትራ በእግሩ ተነስቶ፣ ትግራይንና ወሎን አቋርጦ፣ በየመንደሩ እየለመነ መንዝ ገባ። አብረውት የተመለሱት ያንን መንገድ አያነሱትም። እሱ ግን ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ ያወራዋል። «አንዲት ሴትዮ መጀመሪያ ውሻ ለቀቀችብኝ፤ ቀጥላ ደግሞ ቂጣ ይዛ ተከተለችኝ። ውሻው እኔን በላ፣ እኔ ቂጣውን በላሁ፤ እኩል ወጣን» ይልና ይስቃል። ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል፤ የፊት ጥርሶቹን እዚያው ጦር ሜዳ ጥሏቸው ነው የመጣው።

ከዚያ አገር ያመጣው አንድ ወፍራም የወታደር ብርድ ልብስና በጨርቅ የተቋጠረ ዘር ብቻ ነበር። አስመራ አካባቢ ሰፍረው ሳለ፣ ከካምፑ አጠገብ ከነበረ አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ ጋር እየዋለ ሥራውን ተምሯል። ባሏ ከሞተባት ታላቅ እህቱ ከእትዬ ዘነበች ቤት ገባና ጓሮዋን ቆፈረ። በሰሜን በኩል ከቁመቱ የሚበልጥ የድንጋይ ካብ ካበ። ቀን ድንጋዩ ፀሐይ ይጠጣል፤ ሲመሽ ሙቀቱን መልሶ ለተክሉ ይሰጣል። ገብስና በግ ብቻ በሚታወቅበት አገር፣ ጎልማሳ ሰው ጓሮ ተቀምጦ ቅጠል ሲያጠጣ ማየት ለመንደሩ ወንዶች ነውር ነበር። አባቴ በዚያ ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር፤ ራቁቱን የቆመ ሰው እንዳየ።

የዘራውም ነገር ስሙ አላማረም። የጎረቤት አሮጊት እማማ የሺ በአጥር ብቅ ብለው ጠየቁት፤ እኔ ልጅ ነበርኩ፣ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ።

«አስናቀ፣ ይሄ የሚሳበው ምንድን ነው?»

«ዝኩኒ ነው እማማ።»

«ምን አልከኝ?»

«ዝኩኒ!»

«ዝሆኔ? በስመ አብ! እግር የሚያሳብጠውን? ሰው እህል አጥቶ ዝሆኔ ይዘራል?»

እሱ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። የዱባ ዘር መሆኑን እስኪያስረዳቸው ድረስ አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰብስበው ሄደዋል። እስከዛሬ በኛ መንደር ያ አትክልት «የአስናቀ ዝሆኔ» ነው የሚባለው።

ቲማቲሙ ደግሞ ከዚህ የባሰ ጣጣ አመጣበት። ቅጠሉም፣ አበባውም፣ ያልበሰለው ፍሬውም ሜዳችን ላይ የሚበቅለውን መርዘኛውን እንቧይ ይመስላል። እናቴ ጆሮዬን ቆንጥጣ፣ «ከነካኸው እጅህን በአመድ ታጠብ» ብላኛለች። ወሬው ሲበዛ ጋሽ አስናቀ አንድ እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሲበተን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በሚገባ የበሰለ ቲማቲም ከኪሱ አወጣና ጨው ነስንሶ ገመጠው። እትዬ ዘነበች እያለቀሰች ክንዱን ትጎትታለች።

«ወንድሜ፣ ጥይት ያልገደለህ ሰውዬ በእንቧይ ልትሞት ነው?»

እሱ ያላምጣል። ሕዝቡ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ሲወድቅ ለማየት ቆመ። ፀሐዩ በረታ፣ ሆድም ራበ። በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ፣ «እስካሁን ካልወደቀ አይወድቅም» አሉና ሁሉም ቅር እያለው ተበተነ።

እኔ ካደግሁ በኋላ ማለዳ ማለዳ ጓሮው መሄድ ልማዴ ሆነ። ትምህርቴን አቋርጬ ግጥም እየጫርኩ የምዞርበት ጊዜ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሥራ ፈት ሲለኝ እሱ ብቻ «የኔ ባለቅኔ» ይለኛል። የዝኩኒ አበባ ወንድና ሴት እንዳለው ያሳየኝ እሱ ነው። ወንዱን አበባ ቀጥፎ ቅጠሉን ይልጥና በውስጡ ያለውን ቢጫ ዱቄት በሴቷ አበባ እምብርት ላይ በቀስታ ያሻሸዋል።

«ንቦቻችን ብርድ ይዟቸው እስኪነሱ ሴቷ አበባ ትዘጋለች» አለኝ። «ስለዚህ እኔ እድራታለሁ።»

ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ይህን አይተው፣ «ራሱ ሚስት ሳያገባ አበባ ይድራል!» እያሉ ይስቁበታል።

«ምን ላድርግ» ይላቸዋል፣ «እነሱ ጥሎሽ አይጠይቁኝም!»

ያ ሁሉ ጓሮ የሚኖረው ከበላይ ካለችው ምንጭ በቦይ በሚመጣ ውሃ ነበር። ቦዩን ብቻውን የቆፈረው እሱ ነው። ይሁንና ቀበሌው ከታች የችግኝ ጣቢያ ከፈተና ለባሕር ዛፉና ለጽዱ ችግኝ ውሃ ፈለገ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ችግኝ ተቆጥሮ ይጠየቅበታል። ነገሩን እንዲህ ብሎ ቆረጠው፦ በኅዳር እንግዶች ከላይ ይመጣሉ፤ ጓሮው ለሌላው አርሶ አደር አርአያ ይሆናል ካሉ ውሃው ለአስናቀ ይጸናል፤ አይሆንም ካሉ ወደ ችግኝ ጣቢያው ይዞራል።

እኔንም ጠራኝና፣ «አንተ ዝም ብለህ ከምትዞር ለእንግዶቹ ግጥም አዘጋጅ» አለኝ።

ጻፍኩ። በሕዝብ ፊት ሳነብ የመጀመሪያዬ ስለነበር ሌላ ነገር አልታየኝም። ቲማቲሞቹ ያን ጊዜ ገና አረንጓዴ ነበሩ፤ በእንግዶቹ ቀን እንደሚቀሉ እርግጠኛ ሆኜ ነው የጻፍኩት። ጨርሼ ሄጄ አነበብኩለት፦

«አስናቀ ጓሮ ላይ ዓይኑን የጣለ ሰው፣
ደጋውን ከቆላ መለየት ቸገረው።
መንዝ በውርጭ መሐል ፊቱ እንዲህ ከቀላ፣
ከእንግዲህ ለቲማቲም ማን ይወርዳል ቆላ?»

ጋሽ አስናቀ ዶማውን አጋድሞ ተቀመጠ። «እስቲ ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት። «ስሜ አለበት» አለ ለራሱ። ከዚያ እያፈረ፣ «በኛ ላይ እስከዛሬ የተገጠመው ከጦር ሜዳ ስንመለስ ልጆች የዘፈኑብን ብቻ ነው። ይሄ ይሻላል» አለኝ። ሲስቅም አፉን አልሸፈነም።

እንግዶቹ ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀር ውርጭ ወረደ። ማለዳ ስደርስ የቲማቲሙ ቅጠል በእሳት የተለበለበ መስሎ ጠቁሯል፤ ፍሬዎቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ተንጠልጥለዋል። ዝኩኒው ግን ተርፏል። ያን የወታደር ብርድ ልብስ አልብሶት ነው ያደረው፤ እሱ ራሱ ነጠላ ብቻ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ብርድ ልብሱን ገልጦ ያሳየኝ ጀመር፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቁ፣ የሚያማምሩ ፍሬዎች።

«ተመስገን ነው» አለኝ። «እነዚህን ካዩ ይበቃል። ውሃዬ አይሄድብኝም።»

እኔ ምን አልኩ? «ግጥሜስ?»

«ግጥምህ ምን ሆነ?»

«ቀላ ይላላ! አረንጓዴ ቲማቲም ፊት ቆሜ ቀላ እላለሁ?»

«ታዲያ አውጣዋ።»

«‹ቀላ›ን ካወጣሁ ‹ቆላ› ብቻውን ይቀራል። ቤት አይመታም፤ እንግዲህ አላነብም በቃ።»

«ቤት ካልመታ ማን ጦሙን ያድራል?» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። እኔ አልሳቅሁም። የሰውየው ማሳ ከፊቴ ተቃጥሎ ቆሟል፤ እኔ ስለ ሁለት ቃል እነጫነጫለሁ። እስካጥሩ ሸኘኝና፣ «አይዞህ፣ ታነባለህ» አለኝ። ያን ጊዜ ዝም ብሎ የማጽናኛ ቃል መስሎኝ ነበር።

እንግዶቹ መጡ። መንደሩ ሁሉ በካቡ ዙሪያ ተሰበሰበ። እኔ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ቀና ስል ከጠቆረው ቅጠል መሐል ቀያይ ቲማቲሞች አየሁ። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር የሠራው ተአምር መሰለኝ። ሁለተኛውን መሥመር ሳነብ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ያዘ። አረንጓዴዎቹ ክብና ባለ ሸንተረር ናቸው፤ ቀዮቹ እንደ እንቁላል ሞላላ። ሞላላውን ቲማቲም የማውቀው ከሰይድ ጭነት ላይ ነው። «ፊቱ እንዲህ ከቀላ» ስል ድምፄ ተሰበረ። ሕዝቡ ስሜት የያዘኝ መስሎት አጨበጨበ።

ከእንግዶቹ አንዷ ወይዘሮ በጭብጨባው መሐል ፎቶ ልትነሳ ጎንበስ ብላ አንዱን ቀይ ቲማቲም ያዘች። ሳበችው። አልቆረጥ አለ። ጠበቅ አድርጋ ስትስበው ቲማቲሙ ከረጅም ጥቁር ክር ጋር መጣ፤ የበግ ጠጉር ፈትል፣ ከብርድ ልብሱ ጠርዝ የተመዘዘ። ወይዘሮዋ ክሩን በጣቷ እንዳንጠለጠለች ቀረች።

መጀመሪያ የተናገሩት እማማ የሺ ናቸው። «ቲማቲም ክር አለው እንዴ?» አሉ፤ የምራቸውን ነበር፣ ከአጥር ማዶ እንጂ ቀርበው አይተውት አያውቁምና።

ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ።

«አስናቀ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ፤ እሱ አልሳቀም፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

ጋሽ አስናቀ ወደ ዝኩኒው ሄዶ ቅጠሉን ገለጠ። «ይሄ የራሴ ነው» አለ። «ኑ፣ እዩት። ግንዱ ላይ ነው ያለው።»

«እሱንም ሰፍተኸው ይሆናል» አለ አንዱ እንግዳ ወደ መኪናው እየዞረ። ማንም ጎንበስ ብሎ አላየም። ዝኩኒዎቹ ከአረንጓዴ ቅጠላቸው ሥር እንዳማሩ ቀሩ።

ከድንጋዩ ላይ ሆኜ ጮህኩ። «ለኔ ብሎ ነው! ግጥሜ ቤት እንዲመታልኝ ብሎ ነው ያሰረው!»

እውነት ብናገር የሚተርፍ መስሎኝ ነበር። ሕዝቡ ግን ከቅድሙ አብልጦ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ የተቀመጠም አለ። «ለግጥም! ሰውዬው ለግጥም ቲማቲም አሰረ!» ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለክሩ ተባለ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ምንጩ ዘንድ አገኘሁት። የችግኝ ጣቢያው ሰዎች እስኪመጡ አልጠበቀም፤ ቦዩን ራሱ ሊያዞር ዶማ ይዞ ወጥቷል።

«ጋሼ» አልኩት፣ «እውነቱን ነው የነገርኳቸው።»

«ምናለ ዝም ብትል ኖሮ?» አለኝ ቀና ሳይል። «ዋሾ ቢሉኝ እችለው ነበር። ወታደር ነኝ፣ ከዚህ የባሰም ተብያለሁ። አንተ ግን ጅል አስባልከኝ።»

ዶማውን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠኝም። አንድ ሁለቴ ቆፍሮ የታችኛውን ቦይ የዘጋውን ድንጋይ አነሳ። ውሃው ትንሽ አመነታና ወደ ታች ታጠፈ። ጋሽ አስናቀ ቆሞ አየው። «ችግኙ ምን አጠፋ» አለና ወደ ቤቱ ወረደ።

ብዙም አልቆየ፤ ሰይድ ቆላ ውስጥ ወንዝ ዳር ካለ የአትክልት እርሻ ሥራ አገኘለት። የሄደ ቀን መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። የሰይድን አህዮች ተከትሎ ወደ ገደሉ ሲያቀና፣ የመንደሩ ልጆች ከኋላው ተሰልፈው ይዘምራሉ፦ «ማን ይወርዳል ቆላ! ማን ይወርዳል ቆላ!» ቃሉን ከኔ አፍ ሰምተው ነው የያዙት። ዞር ቢል ምን እንደማደርግ አላውቅም። አልዞረም።

ብርድ ልብሱን ለእህቱ ትቶላት ነበር፤ ቆላ ምን ያደርግልኛል ብሎ። እሷም በየምሽቱ ወጥታ፣ ወደ ችግኝ ጣቢያው የሚወርደው ቦይ በካቡ ሥር በሚያንጠባጥባት ውሃ የተረፈችውን አንዲት የዝኩኒ ግንድ ታለብሳታለች። ግንዷ ላይ አንድ ፍሬ ነበር። «እሱ ራሱ ያጋባው ነው፤ ልቆርጠው እጄ እምቢ አለኝ» አለችኝ። ፍሬው አደገ። ክንድ አከለ፤ ከዚያም አልፎ የበግ ግልገል አከለ። ሰው ሊያየው ይመጣ ጀመር። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም ገበያ ታይቶ አያውቅም፤ ገዝቶ አምጥቶ ነው የሚል ጠፋ። ሊቀመንበሩም መጥቶ ተንበረከከ። እጀታውን በጣቱ ዳሰሰ፣ ዙሪያውን ፈተሸ።

«ግንዱ ላይ ነው» አለ ሲነሳ። «ለካ እውነቱን ኖሯል።»

ጭቃውን ከጉልበቱ አራገፈ።

«ሰይድን ንገሩት» አለ ሊቀመንበሩ። «ውሃውን እንመልስለታለን፣ ይምጣ በሉት። ዝኩኒውን ደግሞ ማንም እንዳይነካው፤ መጥቶ ይየው።»

በሚቀጥለው ገበያ ሰይድ መልሱን ይዞ መጣ። እትዬ ዘነበች ጓሮ ተሰብስበን ጠበቅነው። እንደ መሳቅ ይልና ይተወዋል።

«ምን አለ?» አልኩት።

«መጀመሪያ፣ ምን ያህላል አለኝ። በእጄ አሳየሁት። ተቆጣ።»

«ለምን ይቆጣል?» አለ ሊቀመንበሩ።

«‹ዝኩኒ እኮ ለጋ ሳለ ነው የሚቆረጠው› አለኝ። ‹ለመብል ነው የተከልኩት። ያን ያህል እስኪሆን ምን ይጠብቃሉ? እያዩት ነው ያስረጁት? አንዱን ካስረጁባት ግንዷ ሌላ አታፈራም፤ እሷንም ገደሏት› አለ።»

«ስለ ውሃውስ?»

«ስለ ውሃው ምንም አላለም።»

እትዬ ዘነበች ተነስታ ገባች። ቢላ ይዛ ወጣች፤ ቢላው አልገባ ሲል ሊቀመንበሩ በማጭድ አገዛት። ውስጡ እንጨት ሆኗል። እንደምንም ቆራርጣ በርበሬ ባለው ወጥ ከተተችው፤ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ቀቀለችው። ከዚያ በገብስ እንጀራ አቀረበችልን፤ ለሊቀመንበሩ፣ ለእማማ የሺ፣ ለኔ፣ እዚያ ለነበረው ሁሉ። ጣዕም የለውም፤ እንደ ገለባ አፍ ውስጥ ይንከራተታል፣ ቢያኝኩት አያልቅም። መንጋጋችን ደከመ። አንዳችንም ግን አልተፋነውም፣ አንዳችንም አንገታችንን ቀና አላደረግን።

እትዬ ዘነበች ድስቱን ይዛ ከአጠገባችን ቆመች።

«ይጨመራችሁ» አለች።

እንጀራችንን አቀረብንላት።